ሴሊያክ ያለበት ሰው ጅማ ላይ የገንዘብና የሕክምና ድጋፍ እንዴት ይጠይቃል?

ሴሊያክ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። ጅማ ላይ በሴሊያክ ስም የተከፈተ የድጋፍ መዝገብ የለም። ቀበሌም ሆነ ጤና መድን፣ አሠሪም ሆነ ጡረታ፣ «ሴሊያክ ላለበት ይህን ያህል ብር ይሰጥ» የሚል መመሪያ ይዞ የሚጠብቅ ቢሮ አያገኙም። እርዳታ ግን አለ፤ ያለው በየቦታው ተበታትኖ ነው። የሚገኘውም በበሽታው ስም ሳይሆን በሽታው ባስከተለው ጉዳት ነው፦ የደም ማነስ፣ የልጅ መቀንጨር፣ ከሥራ መቅረት፣ ከአቅም በላይ የሆነ የሕክምና ወጪ። እያንዳንዱ በር የሚጠይቀው ወረቀት ስለሚለያይ አንዱን ማመልከቻ ለሁሉም ማዞር ጊዜ ያባክናል።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ውጭ አገር የሚነበበውም ሰውን ያዘናጋል። ጣሊያን ውስጥ ምርመራው የተረጋገጠለት ሰው ከግሉተን ነጻ ምግብ የሚገዛበት ወርሃዊ ድጎማ ከጤና ሥርዓቱ ያገኛል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሴሊያክ ስላለ ብቻ የአካል ጉዳት ክፍያ አይገኝም። ክፍያ ከሚያስገኙት መስፈርቶች አንዱ ሰውየው የታዘዘለትን እየተከተለ፣ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲሰላ የሚወጣው ቁጥር በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ በ60 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ከ17.50 በታች መሆኑ ነው። ከዚህ ለእኛም የሚጠቅም ነገር አለ። ቀን ተጽፎበት በየጊዜው የተመዘገበ ክብደት የትም አገር ከቃል አቤቱታ ይበልጣል። በየቀጠሮው ክብደትዎ ካርድዎ ላይ መጻፉን ሳያረጋግጡ አይውጡ።

ከምርመራው በፊት ጤና መድኑ

መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ መጀመሪያ ማየት ያለበት የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያውን ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ የምዝገባ ወቅት የሚከፈል ሲሆን አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ያልታደሰ መታወቂያ ይዞ ሆስፒታል መሄድ ያው በኪስ መክፈል ስለሆነ፣ ምርመራው አስቸኳይ ካልሆነ መታወቂያውን አሳድሰው ይጀምሩ። መታወቂያው ላይ የልጁ ስም መኖሩንም ይመልከቱ። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ የቤተሰብ አባል ተጨማሪ መዋጮ ስለሚጠየቅ ስሙ ሳይገባ የሚቀር ወጣት ብዙ ነው።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጽፍና ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላካሉ። ብዙ ሰው «ትልቁ ሆስፒታል ቅርቤ ነው» ብሎ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ይሄድና መድኑ የሚሰጠውን ሙሉ ሽፋን ያጣል። ሪፈሩ ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ባለሙያው ዝርዝሩን እንዲጨምርበት በትህትና ይጠይቁ። ለምሳሌ «ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ፣ በብረት እንክብል ያልተስተካከለ የደም ማነስ፣ ክብደት መቀነስ» ቢባልበት፣ እንዲህ ያለው ወረቀት በሽተኛውን በቀጥታ ወደሚመለከተው ሐኪም ያደርሰዋል።

መድኑ የሚሸፍነው ውል ባለበት የመንግሥት ተቋም የሚሰጥ ካርድ፣ ምርመራና መድኃኒት ነው። ምግብ አይሸፍንም። የታዘዘው መድኃኒት ከተቋሙ ፋርማሲ ከጠፋ፣ ከውጭ ከመግዛትዎ በፊት ማዘዣው ላይ እንደሌለ ያስጽፉና ማህተም ያስመቱበት፤ ከዚያ የጤና መድን ክፍሉን ሄደው ይጠይቁ። ውል ያለበት ሌላ ፋርማሲ ካለ ይነግሩዎታል። ማህተም የሌለበት ማዘዣና ደረሰኝ ይዞ «ብሬ ይመለስልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው።

ያልተረጋገጠ ሴሊያክ ወረቀት የለውም

ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ የሰውነት መከላከያ ራሱ የትንሹን አንጀት ግድግዳ የሚያጠቃበት የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። ግድግዳው ሲጎዳ ብረት፣ ፎሌት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በአግባቡ ወደ ሰውነት አይገቡም። የደም ማነሱም፣ የአጥንት መሳሳቱም፣ የልጅ አለማደጉም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ድጋፍ ፈላጊዎችን ከምንም በላይ የሚጎዳው ስህተት ከምርመራ በፊት ስንዴ መተው ነው። ሰው ዳቦ ሲተው ይሻለዋል፤ ከዚያ ወረቀት ሲያስፈልገው ይመረመራል፤ ውጤቱ ንጹሕ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግሉተን ሲቀር በደም ውስጥ ያለው ጸረ እንግዳ አካል ይወርዳል፣ አንጀቱም ያገግማል። ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ እንደ ልማድዎ ይብሉ። ቀድመው የተዉ ከሆነ በሐኪም ክትትል፣ በየቀኑ ከአንድ ጊዜ በላይ ግሉተን ያለበት ነገር ቢያንስ ለ6 ሳምንት በልተው መመርመር ይኖርብዎታል። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ከባድ ስለሆነ በራስ ውሳኔ አይጀመርም።

ሰገራ ምርመራ መጀመሪያ ይደረግ። ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ተባዮች ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው፣ ያንን ሳያጣሩ ወደ ውድ ምርመራ መሄድ ወጪ ነው። ቀጥሎ የደም ምርመራው ነው፦ ሴሊያክ ሲኖር ከፍ የሚለውን ጸረ እንግዳ አካል የሚለካው ቲቲጂ-አይጂኤ፣ ከጠቅላላ የአይጂኤ መጠን ጋር አንድ ላይ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው፣ አይጂኤ በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ሴሊያክ እያለባቸውም የመጀመሪያው ውጤት «የለም» ሊል ስለሚችል ነው። ምርመራው እዚያው ካልተሠራ ናሙና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ላቦራቶሪ መኖሩን ይጠይቁ፤ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አልጋ ይዞ ከማደር ናሙናውን መላክ በጣም ይረክሳል።

አዋቂ ሰው ላይ ማረጋገጫው ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ አንጀትን ማየት) እና ባዮፕሲ (ከአንጀቱ ትንሽ ናሙና ወስዶ መመርመር) ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል ካልተሠራ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ጉዳቱ አንጀት ላይ በአንድ ወጥ አይሰራጭም፤ አንዱ ቦታ ተጎድቶ ጎኑ ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዱዎደነም (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ሁለተኛ ክፍል ቢያንስ 4፣ ከመግቢያው ደግሞ 1 ወይም 2 ናሙና መወሰድ አለበት፤ ናሙናው ለምርመራ የሚላክበት የፓቶሎጂ መጠየቂያ ላይም «ሴሊያክ ተጠርጥሮ» ተብሎ ይጻፍ። ከጨጓራ ብቻ ናሙና ተወስዶ ሴሊያክ የለም ወይም አለ ማለት አይቻልም። ልጆች ላይ የቲቲጂ ውጤቱ ላቦራቶሪው ጤናማ ከሚለው ከፍተኛ ቁጥር 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ የደም ናሙና ተረጋግጦ ያለ ኢንዶስኮፒ የሚወሰንበት አሠራር ስላለ የሕፃናት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ዋናውን ውጤት ለማንም አይስጡ። የሁሉንም ኮፒ በሁለት ፋይል ይያዙ፤ በስልክም ፎቶ ያንሷቸው።

የሐኪሙ ደብዳቤ ምን ይበል?

አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀበሌና መሥሪያ ቤት የሚቀመጡ ሠራተኞች «ሴሊያክ» የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የማያውቁትን ነገር ደግሞ አይፈርሙበትም። «ታማሚው ልዩ ምግብ ያስፈልገዋል» የሚል ደብዳቤ ምርጫ ያስመስለዋል። ደብዳቤው በሚከተለው ዓይነት አጻጻፍ እንዲሆን ይጠይቁ፦

«ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ታካሚ ሴሊያክ የተባለ የዕድሜ ልክ የአንጀት ሕመም እንዳለባቸው በደም ምርመራና በባዮፕሲ ተረጋግጧል። ስንዴ ወይም ገብስ ያለበት ማንኛውም ምግብ፣ በትንሽ መጠንም ቢሆን፣ አንጀታቸውን ይጎዳል። ሕመሙን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው እነዚህን እህሎች ለዘለቄታው ማስወገድ ብቻ ነው። በሕመሙ ምክንያት ሄሞግሎቢናቸው እስከ … ወርዷል፣ ክብደታቸው ከ… ኪሎ ወደ … ኪሎ ቀንሷል። በ6 ወርና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።»

ለሥራ ጉዳይ ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት፦ ምን ዓይነት ሥራ እንደማይችሉና ለምን ያህል ጊዜ። «ከባድ ሥራ አይችልም» ከሚል ይልቅ «ከ… ኪሎ በላይ ሸክም ለ3 ወር አያነሳም» የሚለው ለአሠሪም ለሐኪሞች ቦርድም የሚያዝ ነገር ይሰጣል።

ከዚያ የቢሮው ነገር ይቀጥላል። የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ክብ ማህተም፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ተመለስ ይባላሉ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚል ይልቅ የሚሄድበትን መሥሪያ ቤት ስም ቢይዝ ይሻላል። ስምዎ ደግሞ ፋይዳ መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ይጻፍ። ጅማ ላይ የቀበሌው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ፣ የሆስፒታሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። አንድ ስም በቁቤ ሲጻፍና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊደሉ ስለሚለያይ «የሁለት ሰው ወረቀት ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ካርድ ሲያወጡ መታወቂያውን አሳይተው ከዚያው ላይ ያስገልብጡ፤ ያኔ 2 ደቂቃ የፈጀ ነገር በኋላ ከስም ማስተካከያ ምልልስ ያድናል።

ቀበሌ፦ ነጻ ሕክምናና ሴፍቲኔት

የመድን መዋጮ መክፈል የማይችል ቤተሰብ «የድሃ ድሃ» ተብሎ ከተለየ መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። ምልመላው በቀበሌ ደረጃ ነው፤ ዝርዝሩም በየጊዜው ይከለሳል። ስለዚህ ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ከመድረስ፣ ምልመላው መቼ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅና ማመልከቻን ማስመዝገብ ይጠቅማል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ትርጉም ሳይጠብቅ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ካልቻሉ በአካባቢው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። በመጀመሪያው መስመር የሚጠይቁትን ይናገሩ። «በጤና መድን የነጻ ተጠቃሚዎች ዝርዝር እንድካተት» የሚለው ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ሲሆን «ትብብር እንዲደረግልኝ» የሚለው ግን ማንም የማያውቀው ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የቤተሰብ ብዛት፣ የገቢ ምንጭ፣ ቤቱ የኪራይ መሆን አለመሆኑ፣ በበሽታው ምክንያት በወር የሚጨምረው ወጪ። መጨረሻ ላይ የተያያዙ ወረቀቶች ብዛት በቁጥር ይጻፍ። ሲያስገቡ የራስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱ።

የከተማ ሴፍቲኔት ምዝገባ በሚካሄድበት ቀበሌ ያሉ ሰዎች ሁለቱን ክፍሎች ለይተው ይወቁ። አንዱ ሠርቶ የሚከፈልበት ሲሆን ሌላው መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በጽኑ የታመሙ ሰዎች የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ምግቡ ከተስተካከለ አብዛኛውን ጊዜ መሥራት ስለሚችል፣ «ቀጥታ ድጋፍ ይገባኛል» ብሎ በበሽታው ስም ብቻ መሟገት አያዋጣም። ሰውነቱ እስኪያገግም ቀላል ሥራ እንዲመደብለት መጠየቅ ግን የሚደመጥ ጥያቄ ነው። አጥንቱ የተሰበረ ወይም ከባድ የምግብ እጥረት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ያንን ጉዳት ራሱን ይዞ ይቅረብ።

ስለ አካል ጉዳተኝነት ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን የሚተረጉመው ከአካል፣ ከአእምሮ ወይም ከስሜት ሕዋሳት ጉዳት ጋር አያይዞ ነው። ሴሊያክ ብቻውን እዚያ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ቢደነግግም፣ ከዚያ ተነስቶ ቋሚ ወርሃዊ ክፍያ የሚያወጣ ቢሮ ቀበሌ ላይ የለም። ጉልበትዎን በሚከፈቱት በሮች ላይ ያውሉት።

ሆስፒታል ተኝተው ወይም ምርመራ ታዝዞልዎ መክፈል ካቃተዎት፣ ከመውጣትዎ በፊት የማህበራዊ ሥራ ክፍሉን ይጠይቁ። ላይዘን (ሪፈር የሚያስተባብረው ክፍል) ወይም ካርድ ክፍል የሚቀመጡ ሠራተኞች ቦታውን ያሳዩዎታል። ከቀበሌ የመክፈል አቅም እንደሌለዎ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁዎታል፤ ያ ደብዳቤ በአንድ ቀን አያልቅምና ቀጠሮዎ ሳይደርስ ያስጨርሱት።

ልጅ ከሆነ

ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጠው ሕክምና በጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ይህንን ለማግኘት ሴሊያክ መሆኑ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚሰጠው በኦቾሎኒ፣ በወተት ዱቄት፣ በስኳርና በዘይት የተሠራ ወፍራምና ለስላሳ ምግብ ስለሆነ ስንዴ የለበትም። ክንዱ ከ11.5 እስከ 12.5 የሆነ ልጅ አንዳንዴ የዱቄት ምግብ ይሰጠዋል፤ እዚህ ላይ ከረጢቱ መነበብ አለበት፤ ስንዴ ወይም ገብስ ካለው ለባለሙያው ተናግሮ መመለስ ነው። በገበያ «የሕፃናት ምግብ» ተብለው የሚሸጡት ድብልቅ ዱቄቶችም በአብዛኛው ስንዴ፣ ገብስ ወይም አጃ አለባቸው።

ትምህርት ቤት ምገባ ካለ የሚቀርበው ዳቦ ወይም ቅንጬ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም። ለርእሰ መምህሩ የሐኪሙን ደብዳቤ ኮፒ ሰጥቶ ልጁ ከቤት ቋጥሮ እንዲመጣ ማስፈቀድ፣ ከተቻለም በቆሎ ወይም ድንች የሚቀርብበትን ቀን ማወቅ ይገባል።

ሥራና ትምህርት

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጥዎታል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር መውሰድ ይችላል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። ለሴሊያክ ታማሚ ትልቁ ቁም ነገር ፈቃዱ በተከታታይም በተለያየ ጊዜም መቆጠሩ ነው። ይህ ሕመም አንድ ቀን እዚህ፣ ሁለት ቀን እዚያ ነው የሚያስቀረው። ከቀሩ በማግሥቱ ማሳወቅና እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው። «አለቃዬ ያውቃል» ብሎ ያለ ወረቀት መቅረት ያለፈቃድ መቅረት ሆኖ ይመዘገባል። ያልተከፈለ የሕመም ፈቃድ ደመወዝ ካለ ከ6 ወር በላይ ዝም አይበሉ፤ የክፍያ ጥያቄ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም።

የመንግሥት ሠራተኞች የሚመሩበት ሕግ ሌላ ነው፤ የክልሉና የፌዴራሉም ይለያያል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራና ከተማ አስተዳደር የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ስለማያገኙ እያንዳንዱ ከራሱ የሰው ሀብት ክፍል የሚመለከተውን አንቀጽ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ጤናው ሥራውን ፈጽሞ ያስተወው ሰው ወደ ጡረታ ያመለክታል። ደመወዙ ላይ በየወሩ 7 በመቶ የሚቆረጥበት፣ አሠሪውም 11 በመቶ የሚጨምርበት ይህ ፈንድ ለእርጅና ብቻ አይደለም። 10 ዓመት ያገለገለና በሕክምና ማስረጃ መሥራት እንደማይችል የተወሰነለት ሰው የጤና ጉድለት አበል ያገኛል፤ ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል። ውሳኔው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ሊጠይቅ የሚችለው «ምግቡን አስተካክሎ ነው ወይስ ሳያስተካክል ያልተሻለው?» የሚለውን ነው። ስለዚህ ከ6 እና ከ12 ወር በኋላ የተደረገ የቲቲጂ ምርመራ ከሌለ ፋይሉ ሊመለስ ይችላል። አሠሪዎ መዋጮውን በትክክል ማስገባቱንና የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ሳይታመሙ በፊት ያጣሩ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ ያለዎት በር ከሁሉም ይቀላል። በካፌው ከሚቀርበው ይልቅ የምግብ ገንዘቡን ወስዶ ውጭ መብላት፣ ኖን ካፌ የሚባለው፣ ነባር አሠራር ነው። ምርጫው በኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ውሉ ስለሚያዝ በዓመቱ ምዝገባ ጊዜ መሞላት አለበት። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የታወቀበት ተማሪ ከተማሪዎች ክሊኒክ ደብዳቤ አጽፎ ለተማሪዎች ዲን ያቅርብ። ካፌ ውስጥ «ሩዝ ብቻ እበላለሁ» ማለት አያዋጣም፤ ያው ጭልፋ ፓስታ ውስጥ ይገባል።

እድር፣ ዘካና የሩቅ ዘመድ

እድር የሚታወቀው በለቅሶ ቢሆንም መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ለታመመ አባል የሚሰጥ ድጋፍ ወይም ብድር ያላቸው አሉ። ለዳኛው በቃል ከመንገር ደንቡን አንብቦ አንቀጹን ጠቅሶ መጠየቅ ይሻላል። እድሩ የሚከፍለው «ለተኛ» አባል ብቻ ከሆነ ለኢንዶስኮፒ የሚሆን ብድር ይጠይቁ።

ዘካ የሚገባው ሰው ለመስጊዱ ኮሚቴ ሲያመለክት ጉዳዩን ግልጽ ያድርግ። ጅማ ላይ ፊጥራ በእህል ሲከፋፈል ስንዴ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰው ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ያህል የሚሰጠው ይህ እህል ለቤተሰቡ ደህና ቢሆንም ለታማሚው መርዝ ነው። ከዒዱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ «ለዚህ ልጅ በጤፍ ወይም በበቆሎ ይሁን» ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል። በረመዳን የኢፍጣር ምግብ ከሚታደልበት ቦታ ሳምቡሳውና ከአጃ ወይም ከስንዴ ቅንጬ የሚሠራው ሾርባ ይቅር፤ ተምሩ ይበቃል። በቤተ ክርስቲያን በኩል ለሰበካ ጉባኤው የሚቀርብ ጥያቄም እንዲሁ የእህሉን ዓይነት ይጥቀስ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከግሉተን ነጻ ፓስታና ብስኩት በሻንጣ ልላክ ካለ አመስግነው ገንዘቡን ይጠይቁት። ያችን አንድ ፓኬት የሚገዛበት ብር እዚህ ብዙ ኪሎ በቆሎና ጤፍ ይገዛል።

የምግቡን ወጪ ማስላትና ማሳነስ

የትኛውም ማመልከቻ ላይ የምግብ ወጪ ሲጠቅሱ ጠቅላላውን ሳይሆን ልዩነቱን ያሳዩ። ለምሳሌ አንድ አዋቂ በወር 12 ኪሎ እህል ቢበላ፣ ቤተሰቡ በሚበላው ስንዴና ለታማሚው በሚገዛው ጤፍ መካከል ያለው ልዩነት በኪሎ 40 ብር ቢሆን፣ በሽታው በወር የጨመረው 12 በ40 ሲባዛ 480 ብር ነው። የትራንስፖርትና የመድኃኒት ወጪው ለብቻ ይደመራል። በዚያ ሳምንት ከገበያ የተጠየቀ ዋጋ ያስገቡ፤ የተጋነነ ቁጥር መላውን ፋይል ያስጠረጥራል።

እኛ አገር ደግ ነገሩ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ድንችና ባቄላ በተፈጥሯቸው ግሉተን የሌለባቸው መሆኑ ነው። ጤፍ ውድ ከሆነ 2 እጅ ጤፍ ከ1 እጅ ማሽላ ጋር ተቀላቅሎ ጥሩ እንጀራ ይወጣዋል፤ ማሽላው ከግማሽ ካለፈ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰባበራል። የሚያከስረው እህሉ ሳይሆን የሚቀላቀልበት ነገር ነው። ጤፉን በደቃቅ ወንፊት ይንፉት፤ ጤፉ ያልፋል፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀራል። ወፍጮ ቤት ከስንዴ ቀጥሎ የተፈጨ ጤፍ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ዱቄት ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ 2 ወይም 3 ኪሎ በቆሎ አስፈጭተው ያንን ለሌላው ቤተሰብ ያድርጉት፣ ከዚያ የታማሚው እህል ይግባ። እርሾው ለብቻ ይቀመጥ፤ ከድብልቅ ዱቄት የመጣ የጎረቤት እርሾ ሁሉንም ድካም ያፈርሰዋል። ሽሮና በርበሬ ተፈጭቶ ከተሸጠ አይግዙ።

ጠላ፣ ቢራ፣ ቀሪቦ፣ ሻሜታና በሶ ከገብስ ናቸው። ቀሪቦ አልኮል የሌለው ተደርጎ ስለሚታይ ለልጅ በቀላሉ ይሰጣል፤ ዘመድ ሁሉ ይህን ይወቅ። ብረት እንክብል የሚወስድ ሰው ደግሞ ቡናውን ከእንክብሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቀው፤ ቡና ብረቱ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ የተገዛው መድኃኒት ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል።

እምቢ ሲባሉ

መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ አቤቱታ አይጻፍም። «ወረቀት ጎድሏል» ከሆነ የጎደለውን ብቻ አሟልተው በዚያው የገቢ ቁጥር ይመልሱ፤ አዲስ ማመልከቻ ወረፋውን እንደገና ያስጀምራል። «አይገባህም» ከሆነ ከቀበሌ ወደ ከተማው የማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ከመድን ክፍል ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከአሠሪ ወደ ሥራ ተቆጣጣሪ ይሄዳል። የጡረታ ውሳኔ ይግባኝ የጊዜ ገደብ ስላለው ደብዳቤው በእጅዎ የገባበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጻፉ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቅበት ማመልከቻ ሰኔ ላይ ቢገባ «በጀት አልቋል» የሚባልበት ዕድል ሰፊ ስለሆነ፣ የሐኪሙን ደብዳቤ ግንቦትና ሰኔ ላይ አሳድሰው ሐምሌ እንደገባ ያስገቡ። ብዙ ቢሮ ከ6 ወር ያለፈውን የሕክምና ወረቀት አሮጌ ብሎ ስለሚመልስ፣ የዓመታዊ ክትትል ቀጠሮዎን ከዚሁ ወቅት ጋር ያገጣጥሙት።